ማግኒዚየም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለምን ዝም ይላል? በአቼቶ፣ በጨው፣ በእንፋሎትና በእሳትስ?

ጥያቄው፦ «አዲስ አበባ ውስጥ የ10ኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። የማግኒዚየም ሪባን ቆርጠን ውሃ ውስጥ ብንከት ምንም አልሆነም፤ መጽሐፉ ግን ሃይድሮጅን ይወጣል ይላል። አቼቶ ውስጥ ሲገባ ወዲያው አረፋ አወጣ። 0.04 ግራም ሪባን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ከትተን የወጣውን ጋዝ ስንለካው ደግሞ ስሌቱ 40 ሚሊ ሊትር ሲል እኛ 54 አገኘን። ስህተቱ የት ነው? በቀላሉ ከሚገኙ ነገሮች ጋርስ ምን ምን መሞከር ይቻላል? ድንገት ቢቀጣጠልብን ውሃ እናፍስበት?»

ምላሽ፦

ከመጨረሻው ልነሳ፦ አያፍሱበት። የሚነድ ማግኒዚየም ላይ ውሃ ማፍሰስ እሳቱን መቀለብ ነው፤ ምክንያቱን በኋላ እመጣበታለሁ። የቀረው የሚያሳስብ አይደለም። ሪባኑ ደህና ነው፣ መጽሐፉም አልዋሸም፣ 54 ሚሊ ሊትሩም ትክክለኛ ልኬት ነው።

ማግኒዚየም ውሃ ውስጥ ዝም የሚለው ጉልበት አጥቶ አይደለም። አንድ ግራም ማግኒዚየም ከውሃ ጋር ሙሉ በሙሉ ቢዋሃድ 14.5 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይለቃል፤ 48 ሚሊ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ አዲስ አበባ ላይ ለማፍላት የሚበቃ ነው። የሚያግደው የራሱ ውጤት ነው። አንድ የማግኒዚየም አቶም ከሁለት የውሃ ሞለኪውሎች ጋር ሲዋሃድ ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድና ሃይድሮጅን ጋዝ ይገኛሉ። ጋዙ ወደ ላይ ይሄዳል። ሃይድሮክሳይዱ ግን የመሟሟት ነገሩ እጅግ አነስተኛ ነው፤ አንድ ሊትር ውሃ የሚያሟሟው 10 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ እዚያው ብረቱ ላይ ስስ ነጭ ሽፋን ሆኖ ይለጠፍና ውሃው ወደ ብረቱ እንዳይደርስ ይከለክላል። በፔሪዮዲክ ቴብል ላይ ከሥሩ ያለው ካልሲየም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የሚንተከተከው በአንድ በኩል ከማግኒዚየም ይበልጥ ንቁ ስለሆነ ነው፤ በሌላ በኩል ግን ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ በሊትር 1.7 ግራም ያህል ስለሚሟሟ ሽፋኑ ቶሎ ቶሎ ይታጠባል። ይህን ሁለተኛውን ምክንያት ብዙ መጻሕፍት ይዘሉታል፤ ተማሪው ያለ እሱ የማግኒዚየምን ጠባይ ሊረዳው አይችልም። ከዚህ በታች ስለ ጨው፣ ስለ አቼቶም ሆነ ስለ ቦይለር የምለው ሁሉ የሚዞረው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ ያንን ሽፋን ማን ያነሳዋል?

በመጀመሪያ የቀዝቃዛውን ውሃ ሙከራ እናስተካክል። ሣጥን ውስጥ የከረመ ሪባን ግራጫ ነው፤ ግራጫው አሮጌ ሽፋን ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ቆርጠው ሁለቱንም ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ብር እስኪመስል ይፈትጉት። ከዚያ በጣትዎ አይንኩት፤ የእጅ ቅባትም ውሃውን ያርቃል። ውሃውን ቀድመው አፍልተው ያቀዝቅዙት፤ ይህ የሚደረገው ውሃው ውስጥ የሟሟው አየር እንዲወጣ ነው። ያለዚያ ጠረጴዛ ላይ ሲሞቅ ብረቱ ላይ የሚያርፉትን የአየር አረፋዎች ተማሪው ሃይድሮጅን ናቸው ብሎ ይጽፋል። 50 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ፌኖልፍታሊን (ቤዝ ሲያገኝ ሮዝ የሚሆን ጠቋሚ) ይጨምሩና ሪባኑን አስገብተው ሳይነኩት ይተዉት። በደቂቃዎች ውስጥ ብረቱን ተከትሎ ቀጭን ሮዝ ጭረት ይታያል፤ የውሃው ፒኤች እዚያ አካባቢ ወደ 10 ተጠግቷል ማለት ነው። ሮዙ መጀመሪያ የሚወጣው ከተቆረጡት ጫፎችና ከታጠፈበት ቦታ ነው፤ ሽፋኑ ቀድሞ የሚሰነጠቀው እዚያ ነውና። ቢከሩን ካማሰሉት ይበተንና ምንም ያልታየ ይመስላል፤ ሙከራው «ከሸፈ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ጋዙን ማየት ከፈለጉ ሪባኑን ጥቅልል አድርገው በተገለበጠ ፈንል ሥር ያስቀምጡ፤ የፈንሉ አንገት ላይ ውሃ የሞላ መሞከሪያ ቱቦ ይገልብጡ። ዓርብ አዘጋጅተው ሰኞ ይዩት እንጂ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ቶሎ እንዲታይ ሙቅ ውሃ ይጠቀሙ። ከምድጃ የወረደ ውሃ ውስጥ የተፈተገ ሪባን ሲገባ አረፋው እንደ ቀጭን ክር ሆኖ ሲወጣ በዓይን ይታያል። ያው ሙቅ ውሃ ባለበት ሌላ ቱቦ ውስጥ ደግሞ የመስታወት ዘንግ ይክተቱ። ዘንጉ ላይ አረፋ ከታየ የአየር ነው፤ ያን ያህሉ ሪባኑ ላይ ከታየው አረፋ ተቀንሶ ይታሰብ።

ወደ አሲዱ ልለፍ። አሲድ ሃይድሮክሳይዱን ወዲያው ያሟሟዋል፤ ብረቱ ራቁቱን ይቀራል፣ ሃይድሮጅኑ ይገነፍላል። አቼቶው ላይ ያያችሁት ይኸው ነው። በየሱቁ ያለው አቼቶ ጥንካሬው ስለሚለያይ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፤ 5 በመቶ የሚለው በሊትር 0.83 ሞል ያህል አሴቲክ አሲድ አለው። ለ0.04 ግራም ማግኒዚየም በስሌት 4 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል፣ ግን 30 ሚሊ ሊትር ያድርጉት፤ በስሌቱ ልክ ከሆነ መጨረሻ ላይ እየተጎተተ ክፍለ ጊዜውን ይጨርሳል። የሎሚ ጭማቂም ያንኑ ይሠራል። ባለ 2 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 10 ሚሊ ሊትር ያንኑ ቁራጭ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ናይትሪክ አሲድ ግን ለክፍል አይሁን፤ ጠንከር ሲል ከሃይድሮጅን ይልቅ መርዛማ ቡናማ ጋዝ ይወጣል።

አሁን 54ቱ ሚሊ ሊትር። 0.04 ግራም ማግኒዚየም 0.00165 ሞል ነው፤ ያንኑ ያህል ሞል ሃይድሮጅን ይሰጣል። 40 የሚለው ቁጥር የመጣው አንድ ሞል ጋዝ 24 ሊትር ይይዛል ከሚለው ነው። ያ ደግሞ የባሕር ወለል ቁጥር ነው፤ 101.3 ኪሎ ፓስካል ግፊት ባለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የአየሩ ግፊት 76 እና 77 ኪሎ ፓስካል መካከል ነው። ጋዙን የሰበሰባችሁት በውሃ ላይ ከሆነ ደግሞ በ20 ዲግሪ 2.3 ኪሎ ፓስካሉ የውሃ ተን ነው። 76.5 ላይ 2.3 ሲቀነስ 74.2 ይቀራል፤ በዚህ ግፊትና በ20 ዲግሪ አንድ ሞል ሃይድሮጅን 32.8 ሊትር ይይዛል። በ0.00165 ሲባዛ 54 ሚሊ ሊትር። ተማሪዎቹ በትክክል ለክተዋል፤ መስተካከል ያለበት ስሌቱ ነው። ያው ቁራጭ ድሬዳዋ ላይ በ25 ዲግሪ ቢለካ 48 ገደማ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ልዩነት «የሙከራ ስህተት» ብሎ ማለፍ ያሳዝናል፤ የጋዝ ሕግን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ ከየት ይገኛል?

ልኬቱን የሚያበላሹ እውነተኛ ስህተቶችም አሉ። 0.01 ግራም ብቻ በሚያነብ ሚዛን 0.04 ግራም መመዘን የሩብ ያህል ስህተት ሊያስገባ ይችላል፤ ስለዚህ አንድ ሜትር ሪባን መዝነው በርዝመት ያካፍሉ። ሪባኑ አሲዱን ከነካ በኋላ ቡሽ እየፈለጉ የሚጠፋው ጋዝም አለ፤ ሪባኑን በክር አንጠልጥሎ ቡሹን ከገጠሙ በኋላ ማውረድ ይሻላል። ሙቀትም አለ፤ ሙከራው ስለሚሞቅ እስኪበርድ ሳይጠብቁ ያነበቡት ቁጥር ከፍ ይላል። በመጨረሻም ጋዙ በተሰበሰበበት ሲሊንደር ውስጥና ውጭ ያለው የውሃ ከፍታ እኩል ሳይሆን አያንብቡ።

ጋዙ ሃይድሮጅን መሆኑን በክብሪት የምታረጋግጡት በመሞከሪያ ቱቦ ብቻ ይሁን፤ «ጵ» ብሎ ይጠፋል። በጠርሙስ አይሞከርም። ሃይድሮጅን ከአየር ጋር ተደባልቆ ከ4 እስከ 75 በመቶ በሆነበት ሁሉ ስለሚቀጣጠል ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል። ማግኒዚየምና አቼቶ በሃይላንድ ውስጥ ጨምሮ ክዳኑን መግጠምም ያው ነው፤ አንድ ግራም ማግኒዚየም እዚህ አገር ከፍታ ላይ ከ1.3 ሊትር በላይ ጋዝ ይሰጣል።

ከወጥ ቤት ዕቃዎች ጨው በጣም ያስተምራል። አንድ ብርጭቆ ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ያሟሙ፣ የተፈተገ ሪባን ያስገቡ፤ ከተራው ውሃ የተሻለ አረፋ ያያሉ፤ የጨው ክሎራይድ ሽፋኑን ስለሚበሳው ነው። ከዚያ ከኤሌክትሪክ ሽቦ የተላጠ መዳብ ሪባኑ ላይ ይጠምጥሙና መልሰው ይክተቱ። አሁን አረፋው በብዛት የሚወጣው ከመዳቡ ነው! ተማሪው መዳቡ እየተዋሃደ ነው ይላል፤ አይደለም። ማግኒዚየሙ ኤሌክትሮን ይለቃል፣ ኤሌክትሮኑ በመዳቡ ሄዶ እዚያ ላይ ከውሃው ሃይድሮጅን ያወጣል። መዳቡ ሳይነካ ማግኒዚየሙ ይመነምናል። በማግኒዚየም ውስጥ ያለ የብረት (አይረን)፣ የኒኬል ወይም የመዳብ ቆሻሻም ጥቂትም ቢሆን ዝገቱን እጅግ የሚያፋጥነው በዚሁ መንገድ ነው። የአሜሪካ ወታደሮች ምግባቸውን ያለ እሳት የሚያሞቁበት ከረጢት ሆን ተብሎ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው፦ የማግኒዚየም ዱቄት ከጥቂት ብረትና ከጨው ጋር፤ ውሃ ሲጨመርበት በደቂቃዎች ውስጥ ይፈላል።

ብዙ ቤት ያለው ቦይለርም ይህንኑ ይጠቀማል። ጋኑ ውስጥ ረጅም የማግኒዚየም ዘንግ አለ፤ የጋኑ ብረት እንዳይዝግ ዘንጉ ይበላል። ሲያልቅ ጋኑ መዛግ ይጀምራል፤ ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ገደማ አስወጥቶ ማየት ደግ ነው። መሃሉ ላይ ያለው የብረት ሽቦ ከታየ ጊዜው አልፏል። ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሳይከፈት የቆየ ቦይለር አናቱ ላይ ሃይድሮጅን ሊጠራቀም ይችላልና መጀመሪያ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ለጥቂት ደቂቃ ይክፈቱት፤ ያን ጊዜ አጠገቡ ሲጋራም ሆነ ክብሪት አይለኮስ።

አምቦ ውሃ ያታልላል። ሪባኑ ሲገባ አረፋ ይለብሳል፤ ግን አብዛኛው ከውሃው የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ ሻካራ ነገር ያገኘ ጋዝ እዚያ ላይ ይሰበሰባል። ሻካራ ፕላስቲክ ቢከቱም ያንኑ ያያሉ። ከሥር ግን እውነተኛ ሥራም አለ፤ የሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደካማ አሲድ ስለሆነ ሽፋኑን ቀስ እያለ ያነሳዋል።

በኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ማግኒዚየም ዝም ይላል። አሉሚኒየም እዚያው ሲገባ ይንተከተካል፤ የአሉሚኒየም ሽፋን በቤዝ ስለሚሟሟ የማግኒዚየሙ ግን ስለማይሟሟ። ሁለቱን ጎን ለጎን ማሳየት ጥሩ ነው፣ መነጽርና ጓንት ግን ግድ ነው። የመዳብ ሰልፌት ውሃ ውስጥ ሪባኑ ቡናማ ጥቁር መዳብ ይለብሳል፣ ሰማያዊው እየሳሳ ይሄዳል፣ አረፋም አብሮ ይወጣል፤ ይህ የመዳብ ሰልፌቱ ውሃ ትንሽ አሲድነት ስላለው ነውና ተማሪው ቢጠይቅ አይደንግጡ። አሞኒየም ክሎራይድ የሟሟበት ውሃም አረፋ ያስወጣል፤ አሞኒየሙ ሃይድሮክሳይዱን ይበላዋል። ላምባ፣ ቤንዚንና ዘይት ምንም አያደርጉትም። በቶርኖ የሚሠሩ ሰዎች ማግኒዚየም ሲቆርጡ በውሃ ፋንታ በማዕድን ዘይት የሚያቀዘቅዙትም ለዚህ ነው፤ እርጥብ የማግኒዚየም ፍቅፋቂ ሃይድሮጅን እየለቀቀ ይሞቃል።

እንፋሎት ሌላ ታሪክ ነው። በሞቀ ማግኒዚየም ላይ እንፋሎት ሲያልፍ የሚፈጠረው ሃይድሮክሳይድ ሳይሆን ኦክሳይድ ነው፤ ማግኒዚየሙም እንፋሎቱ ውስጥ በደማቅ ነጭ ብርሃን ይነድዳል። በሙከራው፣ ሙቀት በሚችል መሞከሪያ ቱቦ ታች 2 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ የጠጣ የመስታወት ሱፍ ይቀመጣል፤ ጥጥ አይሆንም፣ ይቃጠላል። ሪባኑ ተጠቅልሎ መሃል ላይ፣ አፉ ላይ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ያለው ቡሽ። መጀመሪያ የሚሞቀው ሪባኑ ነው፤ በደንብ ከጋለ በኋላ እሳቱ ለአፍታ ወደ ሱፉ ይሄዳል። ሱፉን ቀድሞ ያሞቀ ሰው ሪባኑን በውሃ ያርሰዋል፣ ከዚያ በኋላ አይቀጣጠልም። አየሩ ተገፍቶ ሳይወጣ ጫፉ ላይ ክብሪት የሚለኩስ ሰው ደግሞ ቡሹ ዓይኑ ላይ ሊተኮስበት ይችላል። ቱቦው መሰንጠቁ አይቀርም፤ የሚነድ ማግኒዚየም ከመስታወቱ ውስጥ ኦክሲጅን እየነጠቀ ጥቁር ጠባሳ ይተዋል። በመምህሩ ብቻ፣ ከመከላከያ መስታወት ጀርባ ይሠራ።

እዚህ ላይ የእሳቱ ጥያቄ መልሱን ያገኛል። ማግኒዚየም ሲነድ ሙቀቱ 3,000 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ውሃ ሲፈስበት ማግኒዚየሙ የውሃውን ኦክሲጅን ይወስድና ሃይድሮጅኑን ይለቃል፤ ሃይድሮጅኑም ይቀጣጠላል፣ የቀለጠው ብረት በእንፋሎቱ ይረጫል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ እሳት ማጥፊያም አያዋጣም፤ ማግኒዚየም በዚያ ጋዝ ውስጥ መንደዱን ቀጥሎ ጥቁር የካርቦን ብናኝ ይተዋል። በናይትሮጅን ውስጥም ይዋሃዳል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ተራ የዱቄት ማጥፊያም ለብረት እሳት የተሠራ አይደለም፤ ለዚያ «ዲ» የሚባለው መደብ አለ። ለክፍል ግን አንድ ባልዲ በደንብ የደረቀ አሸዋ ይበቃል። እርጥብ አሸዋ ከውሃ አይሻልም። ትንሽ ሪባን ከሆነ ሸክላ ላይ አስቀምጦ እስኪያልቅ መተው ነው። ብርሃኑን ትኩር ብለው አይዩት፤ አልትራ ቫዮሌት አለበት።

ተቃጥሎ የቀረው ነጭ ዱቄትም ያስተምራል። 0.24 ግራም ማግኒዚየም ንጹሕ ኦክሳይድ ቢሆን 0.40 ግራም ይመዝን ነበር፤ ተማሪዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ያነሰ ያገኛሉ። ከፊሉ ነጭ ጭስ ሆኖ ሄዷል፣ ከፊሉም ከአየሩ ናይትሮጅን ጋር ማግኒዚየም ናይትራይድ ሆኗል፤ ናይትራይድ በክብደት ከኦክሳይድ ያነሰ ይጨምራል። ዱቄቱ ላይ ጥቂት የውሃ ጠብታ ጣል አድርገው በትንሹ ያሙቁት፤ የአሞኒያ ሽታ ይመጣል፣ በላዩ የተያዘ እርጥብ ቀይ ሊትመስ ሰማያዊ ይሆናል።

ከላቦራቶሪ ውጭ አንድ ነገር ልጨምር። የድሮዋ ቮልስዋገን ቢትል የሞተር ገላ የማግኒዚየም ቅይጥ ነው። ሞተሩ አንዴ ራሱ ከተቀጣጠለ ባልዲ ውሃ አያጠፋውም፤ ሰው ርቆ እንዲቆም ማድረግ ይቀድማል። ቁርጥራጭ ብረት የሚገዙና የሚያቀልጡ ሰዎች ይህን ከአሉሚኒየም መለየት ይኖርባቸዋል። መለያው ቀላል ነው፦ ቦታውን በሞረድ ፍቀው አንድ ጠብታ አቼቶ ያንጠባጥቡ። ማግኒዚየም ከሆነ ጠብታው ወዲያው ያፈላል፤ አሉሚኒየም ዝም ይላል።

ለትምህርት ቤት የሚገዛው ሪባን ይሁን፤ የማግኒዚየም ዱቄት አይግባ። ዱቄቱ ገጹ ሰፊ ስለሆነ እዚህ የተጻፈው ጊዜና መጠን ሁሉ አይሠራበትም። ከአዮዲን ወይም ከብር ናይትሬት ጋር ደባልቆ አንድ ጠብታ ውሃ የሚጥለው ቪዲዮ ደግሞ ለክፍል አይሆንም፤ ጠብታው ራሱ ነው የሚለኩሰው። ሪባኑን ክዳኑ በሚገጥም ደረቅ ብልቃጥ፣ ከአሲዶቹ በተለየ መደርደሪያ ያኑሩት። የሙከራው ፍሳሽ ብረቱ አልቆ አረፋው ከቆመ በኋላ በብዙ ውሃ ወደ ማጠቢያው ሊደፋ ይችላል፤ መዳብ ያለበትን ግን ለይተው ያስቀምጡ። ያልተዋሃደ ቁራጭ ካለ ታጥቦ፣ ደርቆ ወደ ብልቃጡ ይመለስ እንጂ እርጥቡን ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አይጣል።